ጥላውን ሽሮ ቤት የረሳው የቤት መሪ

የቤት መሪ መሆን እንዴት ቀላል ነው መሰላችሁ! ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ከሌለ ማለቴ ነው። ሌላ ሰው ካለ ግን... ቆይ፣ የእኔን ጉድ ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤታችንን የያዘው እሱ ነበር። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ... አልችልም፤ ይለፈኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ጹሙ» ብሎን አያውቅም። ዝም ብሎ ይጾማል፤ እኛ አፍረን እንከተለዋለን።

አሁን ተራው ለእኔ ደረሰ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። ፍልሰታ ሊገባ ሲል እናቴንና የዘጠኝ ዓመቱን ታናሽ ወንድሜን ቢኒን ሰበሰብኩ። ሁለት ሰው ይሰበሰባል? እኔ ሰበሰብኩ! ጉሮሮዬን ጠራርጌ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ አርአያነት፣ ስለ አባወራነት... ብቻ ረጅም ነበር። በመጨረሻም «በዚህ ቤት ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል!» ብዬ ደመደምኩ።

«ምነው ልጄ፣ ቢኒ እኮ ገና ሕፃን ነው። እስከ ስድስት ይበቃዋል» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ መሪው እኔ ነኝ።»

ቢኒ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተም እስከ ዘጠኝ?»

«እኔማ ምን ጥያቄ አለው!»

ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን፣ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከሱቄ ጀርባ ካለው ምግብ ቤት የሽሮ ሽታ መጣ። ሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ... በስሜ ነው የጠራኝ! እግሬ ራሱ ወሰደኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዝናሽ የሚንተከተክ ሽሮ አቀረቡልኝ። በላሁ። «ይደገም?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ ጥፋቱ የእሳቸው ነው! ሁለተኛውን ስጨርስ ዝናቡ አባራ። አፌን ጠርጌ ወጣሁ... ጥላዬን ረስቼ።

የእኔም አይደለም እንጂ። የወንድሜ ጥላ ነው። እጀታውን በሰማያዊ ሽቦ የጠገነው ራሱ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ «ጥላውስ?» አለች። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ባጃጅ ውስጥ ሰረቁኝ» የሚል ነው። ቢኒ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሌባውን ባገኘው!» አለ፣ ጡጫውን ጨብጦ።

በማግስቱ ጠዋት ጥላውን በዝምታ ላመጣ ብሄድ ምግብ ቤቱ አልተከፈተም። እኩለ ቀን ላይ ሦስታችንም ለቅዳሴ ሄድን። ቅዳሴው አልቆ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» አለ፤ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ ማለቱ ነው። ለእኔ አልሠራም። ገና ከቅጽሩ በር ሳንደርስ ዝናቡ ወረደ፣ ከፊታችን የነበሩ አንዲት ሴትም ጥላ ዘረጉ። እጀታው ላይ ሰማያዊ ሽቦ...

«ሌባ!» ቢኒ ጮኸ። «የወንድሜን ጥላ የሰረቀች ሌባ!»

ነጠላ የለበሰ ሁሉ ዞረ። ሴትዮዋም ዞሩ፤ እትዬ ዝናሽ ናቸው! ደርቀው ቀሩ። «እኔ? ማርያምን... እኔ ሌባ?» እኔ ከእናቴ ጀርባ ተደብቄያለሁ። እናቴ ደግሞ አጭር ናት! እትዬ ዝናሽ አዩኝ፤ ግን አልተናገሩም። ሌባ ተብለው እንኳ የእኔን ገመና ሸፈኑ። ወንድሜ ቢሆን አሁን ምን ያደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያውኑ ሽሮውን አይበላማ! መልሱ ምንም አልጠቀመኝም።

«አልሰረቁም» አልኩ። «እኔ... ትናንት... እሳቸው ቤት ሽሮ ስበላ ረስቼው ነው።»

«በስንት ሰዓት?» አለ ቢኒ።

ሕዝበ ክርስቲያኑ ዝናቡን ረስቶ መልሴን ይጠብቃል።

«በአምስት።»

«አንድ ሽሮ?»

«ሁለት» አሉ እትዬ ዝናሽ። ስማቸው ከጸዳ በኋላ ማንን ይፈራሉ!

ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቢኒም ጠየቀ። ጥላውን ተቀብለን ቤት ገባን። እንጀራው ቀረበ። ማንም እጁን አልዘረጋም። በቃ፣ መሪነቴ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ብሉ እንጂ» አልኩ።

«ሳትባርከው?» አለ ቢኒ።

ባረክሁ። «አባታችን ሆይ» እንኳ መሃል ላይ ጠፋብኝ። ቢኒ ቀጠለልኝ። ከዚያ ጎረሰና እንዲህ አለኝ፦ «ነገም እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ። አንተ ካልቻልክ ግን ደውልልኝ። ተደብቀህ ብቻህን አትብላ።»

ከዚያ ወዲህ ንግግር ትቻለሁ። ዝም ብዬ እጾማለሁ። በጾሙ አሥራ አንደኛ ቀን ግን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ያ ሽሮ እንደገና ተንተከተከ። እያፈርኩ እናቴ ስልክ ላይ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቢኒን አገናኚኝ።»

ቢኒ ስልኩን ነጠቃት። «ተመስገን!» አለ። «እኔ እኮ ካርድ አልቆብን ነው እንጂ ርቦኝ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ልደውልልህ ነበር!»