ጋሽ ወልደ ማርያም እና የበረዶ ተራራው ወረቀት

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ የወረቀት ጀርባ የሚያነብ አንድ ሰው አይጠፋም። ዳላስም አለ፣ ሲያትልም አለ። የእኛው የኦክላንዱ ግን ሁሉንም ያስከነዳል፤ በዚህ ከማንም ጋር እወራረዳለሁ። ክቡርነታቸው ጋሽ ወልደ ማርያም ይባላሉ።

ሹመታቸውን ያገኙት ከፓርኪንግ ነው። መሀል ኦክላንድ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ትኬት ሲሰጡ ኖረዋል። ከትኬቱ ጀርባ ጉንዳን በምታክል ፊደል «ድርጅቱ ለሚጠፋም ሆነ ለሚሰበር ንብረት ተጠያቂ አይደለም» የሚል ተጽፎበት ነበር። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ገልብጦ ያነበበው አንድም ሰው እንዳላዩ ሲናገሩ፣ የሕዝቡ ኃጢአት የታያቸው መምሬ ይመስላሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሳቸውም ሳይገለብጡ አይፈርሙም፣ እኛንም አያስፈርሙንም። «ጀርባውን አይተኸዋል?» ማለት የእሳቸው እንደምን አደርክ ነው።

አንዴ እዚሁ አጠገባችን ኤመሪቪል ያለ ጂም ሊመዘገቡ ሄዱ። ፎርሙን ቆመው ሃምሳ ደቂቃ አነበቡና ስለ አንቀጽ አሥራ አራት ሦስት ጥያቄ ጠየቁ። መዝጋቢዋ ልጅ ማናጀሯን ጠራች፣ ማናጀሩ ዋናው ቢሮ ደወለ፣ ዋናው ቢሮ መልሰን እንደውላለን አለ። ይኸው እስከ ዛሬ አልደወለም። ያን ቀን የሠሩት ስፖርት መቆም ብቻ ነው።

የጎረቤታችን የማቲዎስ ልጅ ልደት ላይማ ተዉት። በአየር የሚነፋ የመዝለያ ቤት ተከራይተው፣ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። እሳቸው መነጽራቸውን ሰክተው የኪራዩን ውል ይመረምራሉ። «ነፋስ ቢያነሳው ኃላፊው ተከራዩ ነው ይላል» አሉና ቤቱን በገመድ ከማቲዎስ መኪና ጋር አሳሰሩት። ማቲዎስ ኬክ ሊያመጣ ሊወጣ ነበር። ኬኩ በኡበር መጣ።

ስልካቸውንም አፕዴት ካደረጉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ለምን ሲሏቸው «ውሉን እያነበብኩ ነው፤ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ነኝ» ይላሉ። በዚህ ሁሉ ከሚስቁባቸው ሰዎች ግንባር ቀደሙ እኔ ነበርኩ።

ሳሌም የእህቴ የውብዳር ልጅ ናት፤ ሳን ሊያንድሮ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፣ ፕሌዘንተን ቢሮ ትሠራለች። የካቲት ላይ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ታሆ ተራራ ስኪ፣ የበረዶ ሸርተቴ ልትጫወት ሄደች። ውብዳር «እግር የተሰጠን ልንራመድበት ነው» ብላ ተቃውማ ነበር፤ ማን ሰምቷት። ልጆቹ ምልክት ካለበት መንገድ ወጥተው ወደ ዛፎቹ ሲገቡ ሳሌምም ተከተለች። በረዶ የሸፈነው የብረት ቧንቧ ስኪዋን ያዘውና ጉልበቷ ዞረ። ቧንቧው የስኪው ድርጅት በረዶ ለመርጨት የዘረጋው ነው፤ ባንዲራም አጥርም አልነበረበትም። ጓደኛዋ ሐኒ ጎትታ ስታወጣት ቧንቧውን በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

በሳምንቱ ከድርጅቱ ኢንሹራንስ አንዲት ሴት ለሳሌም ደወለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፣ ውብዳር ከጎኗ ተቀምጣለች፣ እኔም አለሁ። ሴትየዋ ንግግሩ ሪከርድ እንደሚደረግ ተናግራ «እንዴት ነሽ?» አለቻት። ሳሌም እናቷን አየት አድርጋ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ጎድ» አለች። ውብዳርም ደስ ብሏት «ሃው ኢዝ ዩር ፋሚሊ?» ብላ የሴትየዋን ቤተሰብ ጠየቀች። እኛ ዘንድ እንዴት ነህ ለሚል ሰው ሌላ መልስ የለም። እግሩ የተቆረጠ አጎት ነበረን፤ እሱም እስኪሞት ደህና ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የአምቡላንሱን እንከፍላለን፣ የከርሞውን የስኪ መግቢያ በነፃ እንሰጥሻለን፣ እስከ ዓርብ ፈርመሽ ላኪ ይላል። ልጅቷ በክራንች ነው የምትሄደው፣ እነሱ ለከርሞ ስኪ ይጋብዟታል። ሊጠይቃት የመጣው ሰው ሁሉ ግን አንድ ቃል ሆነ፦ ከመንገድ ወጥታ ማንን ትከሳለች፣ ነፍሷን ያተረፈ አምላክ ይመስገን። «ፈርሚና ተገላገይ» ብዬ እስክሪብቶ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ይኼኔ ጋሽ ወልደ ማርያም ብርቱካን ይዘው ገቡ። ሳይቀመጡ ወረቀቱን አዩት።

«ጀርባውን አይተሽዋል፣ የኔ ልጅ?»

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው ገልብጠው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ። «ዛሬ ለሚታወቀውም ወደፊት ለሚታወቀውም ጉዳት ሁሉ ድርጅቱን ነፃ አውጥቻለሁ ይላል። ጉልበትሽ የዛሬ ዓመት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ እኮ ከመንገድ ወጥታ ነው» አልኳቸው።

«ከመንገድ ወጥታ ዛፍ ብትገጭ የራሷ ጣጣ ነው። ድንጋይም የራሷ ነው። ቧንቧውን ግን ተራራው አልወለደውም። ያስቀመጡት እነሱ ናቸው፤ መኖሩን እያወቁ ምልክት አላደረጉበትም።»

«ትኬቱን ስገዛ ስልክ ላይ አይ አግሪ ብያለሁ» አለች ሳሌም።

«አንብበሽው ነው?»

«ኖ።»

ተነፈሱ። «እሱም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። ቸልተኝነቱ ከልክ ካለፈ ያ ወረቀት አያድናቸውም። ልክ አልፏል አላለፈም የምለው እኔ አይደለሁም፣ ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ሳያየው ግን አይፈረምም።» ቀጥለውም ወደ እሷ ዞሩ። «ለመሆኑ ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እግዚአብሔርን ከዚህ ፋይል አስወጪልኝ። እሱን እሑድ ቤቱ ሄደን እናመሰግነዋለን። አሁን የጠየቅኩሽ ጉልበትሽን ነው።»

ሳሌም እናቷን አየች፣ አቀረቀረች። በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። ደረጃ መውረድ አትችልም። ሻወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሐኪሙ ያለ ኦፕሬሽን እንደ ድሮሽ አትራመጂም ብሏታል። «ማሚ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው» አለች።

ውብዳር እጇን ልጇ ጉልበት ላይ አሳረፈች። «ለእኔም?» አለች። «ለእኔም ደህና ነኝ ትያለሽ?»

እስክሪብቶው የኔ ነበርና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ጋሽ ወልደ ማርያም ራሳቸው ጠበቃ ዘንድ ወሰዷት። ጠበቃዋ የራሷን የውል ፎርም ስታቀርብ እሱንም አርባ ደቂቃ አነበቡባት። ጉዳዩ በቀላሉ አላለቀም። የድርጅቱ ሰዎች ያቺን «አይ አም ፋይን» ደጋግመው አሰሟት፤ ያንን ለማስተባበል የሐኪም ማስረጃ ሲሰበሰብ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ግን የሐኒ ፎቶ ቀርቦ፣ የኦፕሬሽኑንና የሕክምናውን ወጪ ሊሸፍኑ ተስማሙ። ሳሌም ዛሬ ደረጃውን በእግሯ ትወርዳለች።

ጋሽ ወልደ ማርያም አሁንም ያሰለቹኛል፤ አልዋሽም። ግን ባለፈው ወር አዲስ ሥራ ስገባ ፎርሙ ላይ «አደጋ ቢደርስብህ ማንን እንጥራ?» የሚል መስመር አጋጠመኝ። ባለቤቴ ፀዳለ ይቅር ትበለኝ፣ የእሳቸውን ስም ጻፍኩ። እሷ ብትጠራ ታለቅስልኛለች። እሳቸው ከመጡ ግን በሰመመን ውስጥ እንኳ ብሆን ማንም አያስፈርመኝም።

ደውዬ ነገርኳቸው። እንደ ማልቀስ የቃጣቸው መሰለኝ።

«እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ልጄ» አሉኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ፎርሙን ይዘኸው ና። ሳላየው እሺ አልልም።»