የጋሽ በየነ ጆሮ

ሰው አገር ሲለቅ ምኑን ይዞ ምኑን ትቶ እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መኪናዬ በተበላሸች ቁጥር አስባለሁ። መኪናዬ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ታሳስበኛለች። አንዳንዱ ሰው ግማሹ አውሮፕላን ሲሳፈር ግማሹ ፌርማታው ላይ ታክሲ እየጠበቀ የሚቀር ይመስለኛል።

ጋሽ በየነ አየር ጤና ያለውን ጋራዣቸውን ለተማሪያቸው ለሙሉጌታ ትተው ካናዳ ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ሁለት ክረምት አለፈ። አርባ ዓመት ሞተር ያዳመጠ ጆሯቸው ግን ከሻንጣው ሳይገባ ቀርቷል። እዚያ የሙያ ፈቃድ ወረቀት ለሌለው መካኒክ መፍቻ አያስጨብጡትም፤ ስለዚህ እዚህ ይሠራሉ። እንዴት አትሉም? ሙሉጌታ ኮፈን ከፍቶ ስልኩን ሞተሩ ላይ ይደቅንላቸዋል፣ እሳቸው ያዳምጣሉ።

የእኔዋ ስታቃስት ወሰድኳት። ስልኩ ላይ ጋሽ በየነ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከኋላቸው በመስኮቱ በረዶ ይወርዳል፣ እኛን የከሰዓት ፀሐይ አናታችንን ይበሳናል። የመኪናዬ ማቃሰት ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በዚያ ሁሉ በረዶ መሀል አልፎ፣ ገና ቁርስ ያልበሉ ሽማግሌ ጆሮ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲገባ ታየኝ። ለአፍታ የት እንደቆምኩ ጠፋኝ።

«የውሃ ፓምፕ ነው» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አለ ሙሉጌታ።

ስልኩ ሲዘጋ ግን ፓምፑን ዞር ብሎም አላየው። ሞተሩን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያውን ቀየረ፤ ድምፁ ጠፋ።

«ፓምፕ ነው አላሉም እንዴ?»

«ስልክ ድምፅ ያበላሻል። ካልደወልኩላቸው ደግሞ ምን ይሠራሉ? ይከፋቸዋል።»

ደግነቱ ልቤን ነካኝና ሒሳቤን ከፍዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ጋሽ በየነ ራሳቸው ደወሉልኝ፤ የድሮ ደንበኛቸው ስለሆንኩ ቁጥሬ አላቸው።

«ቺንጊያው ነበር፣ አይደል?»

መዋሸት አልቻልኩም። «በምን አወቁ?»

«እሺ ሲለኝ ነዋ! ፓምፕ ካልሆነ እንዲያ የሚያቃስት ቺንጊያ ብቻ ነው። ጋራዡ እያለሁ አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ልክ ስሆን እንኳ ይሟገተኝ ነበር። አሁን ጡረታ አውጥቶኛል ልጄ።» ድምፃቸው ሰለለብኝ። «እንደ ሠራተኛ ይከራከረኝ በለው። እንደ በሽተኛ አያባብለኝ።»

ነገርኩት። ሙሉጌታ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ቀጣዩ መኪና ዞረ።

ሰሞኑን በዚያ ሳልፍ ጋራዡ በጩኸት ተናውጧል። «በጭራሽ ጋሼ! ተሳስተዋል!» ይላል ሙሉጌታ። «አንተ ደረቅ፣ ደግመህ አስነሳው!» ይላል ስልኩ። መኪናዋን ልታሠራ የመጣች ወይዘሮ ደንግጣ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ሊጣሉ ነው እንዴ?»

«ኧረ የለም» አልኳት። «ሥራ ላይ ናቸው።»