እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ

የእኛ መሥሪያ ቤት ያስመዘገበው ድል በወርቅ ቀለም ሊጻፍ ይገባዋል። ዘላለምን በቃለ ጉባኤ ያሳጠረ ሌላ ቢሮ ካለ ይምጣና ይናገር።

ነገሩ የጀመረው ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሲሰነጠቅ ነው። ልክ ከሥሩ የሒሳብ ባለሙያዋ ጠረጴዛ አለ። ሌላው ቢሆን የቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ ነበር፤ እኛ ግን የሠለጠንን ስለሆንን ጥናት አዘዝን። ባለሙያዋም የፍሳሹን ቀመር ለአዲሱ ሶፍትዌር ሰጠችው። ይህ ሶፍትዌር ግምት አያውቅም፤ ኢንቴግራል የሚባለውን የድምር ስሌት በፊደልና በምልክቱ እንዳለ ይዞ፣ ከዛሬ እስከ ዘላለም የሚፈሰውን ይደምራል። ደመረና «ወሰን የለውም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፍሳሹ በየቀኑ እየቀነሰ አይደለም እንዴ?»

«ይቀንሳል፤ ድምሩ ግን ማደጉን አያቆምም። ኮርኒሱ አብጧል፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ። እባክዎ ታንከሩን ያስወርዱልኝ፤ አናቴ ላይ ነው ያለው!»

«ቆይ፣ ለማሽኑ እስከ ዘላለም ደምር ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በማን ፈቃድ? ዘላለም ዕቅዳችን ውስጥ አለ?»

አልነበረም። ስለዚህ አስቸኳይ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ሰፊና ጥልቅ ውይይት ካደረገ በኋላ፣ «ዘላለም» የሚለው «የበጀት ዓመቱ መጨረሻ» በሚል እንዲሻሻል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ባለሙያዋ ከንፈሯን ነክሳ አስገባችው። ሶፍትዌሩ ጨዋ ነውና የተጠየቀውን መለሰ፦ አንድ ባልዲ ሙሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ባልዲ ተገዝቶ ጠረጴዛዋ ላይ በክብር ተቀመጠ።

አዲሱ የበጀት ዓመት በገባ ማግስት ባለሙያዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ እየሮጠች መጣች።

«ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው!»

«ሊፈስ አይችልም፤ ዓመቱ ተዘግቷል።»

«ይኸው ልብሴ ረጥቧል እኮ!»

«ያ ያለፈው ዓመት ውሃ ይሆናል።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ሕንፃው ተንቀጠቀጠ። ታንከሩ ኮርኒሱን ይዞ ጠረጴዛው፣ ኮምፒውተሩና ባልዲው ላይ ወርዶ ነበር። እሷ በደቂቃ ተርፋለች፤ ቢሆንም አሳዘነችኝ። ሥራ አስኪያጁ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወደ ክፍሏ ገቡና ወደ ተቀደደው ጣሪያ ለረጅም ጊዜ አንጋጠጡ። አንዲት ጠብታ የለም።

«ይኸው ቆመ!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ወሰን አለው አላልኩም?»

ባለሙያዋ ያለ በቂ ማስረጃ ሠራተኛውን በማሸበሯ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሶፍትዌሩ ከነኮምፒውተሩ ውሃ ገብቶበት ስለሞተ ምሕረት ተደርጎለታል። መሥሪያ ቤታችን ግን ቂም አይዝምና ለእሷ አዲስ ጠረጴዛ ሰጥቷታል፤ በሁለተኛው ታንከር ሥር።