የሳኪዩሳ ጉሮሮና የጎደሬው ቅጠል

[ፊጂ፣ ሲንጋቶካ ወንዝ ዳር፣ ቅዳሜ ረፋድ። ቪሊሞኒ ዛሬ ሜሬሴኒን ለጋብቻ ሊያስጠይቅ ወደ አባቷ መንደር ይሄዳል። እንደ አገሩ የሽምግልና ወግ የዓሣ ነባሪ ጥርስ አቅርቦ የሚናገርለት አጎቱ ሳኪዩሳ ነው። አሁን ግን አጎትየው ይዘውት የሚሄዱት የጎደሬ ቅጠል የተጣደበት ድስት አጠገብ ቆሟል።]

ሳኪዩሳ፦ አውርደው አልኩህ! አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ!

ቪሊሞኒ፦ አሁን እኮ ነው የገባው፣ አጎቴ።

ሳኪዩሳ፦ አንተ ደነዝ! ቅጠል እሳት ሲበዛበት ነፍሱ ይወጣል። ሱቫ ሆቴል ስሠራ እንፋሎት ካየ ይበቃው ነበር።

ቪሊሞኒ፦ እርስዎ የበሩ ዘበኛ አልነበሩም እንዴ?

ሳኪዩሳ፦ ከበሩ ወጥ ቤቱ ይታያል!

ቪሊሞኒ፦ እሺ። ቅጠሉ ግን አልጠነከረም? እናቴ ገና ያልተዘረጋውን፣ ጥቅልሉን ነበር የምትቀጥፈው።

ሳኪዩሳ፦ ለአማት ትንሽ ቅጠል ይዞ የሚሄድ አለ? ደግሞ ዘንጉን እንዳታወጣ። ቫይታሚኑ እዚያ ነው።

ቪሊሞኒ፦ ትናንትም ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ታፍኖ ፀሐይ ላይ ዋለ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ሥር ላስቀምጠው ብልዎ እምቢ አሉ።

ሳኪዩሳ፦ በጨርቅ የሚጠቀለል ሕፃን ነው እንዴ!

ቪሊሞኒ፦ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል ይላሉ።

ሳኪዩሳ፦ የሰነፍ ወሬ! ሚስት ልታገባ ነው ቅጠል ልትፈራ?

ቪሊሞኒ፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጅል ነኝ። እስቲ ይቅመሱትና ልመን። ጠቅለል አድርገው ይጉረሱት እንጂ፣ የሆቴል ሰው አይደሉም?

[ሳኪዩሳ አፉን ሞልቶ ይጎርሳል። ይውጣል። ዓይኑ ይፈጣል።]

ሳኪዩሳ፦ እህ... እህህ... ውሃ!

ቪሊሞኒ፦ ጣፈጠዎት?

ሳኪዩሳ፦ [በሹክሹክታ] ድምፄ! ንግግሬ! አራት ሰዓት ሙሉ የምናገረውን ነበር ያዘጋጀሁት! አለቀልህ፤ ምግቡም ተበላሸ!

[ቪሊሞኒ ከጓዳ ሌላ ድስት ያወጣል። ሲከፍተው የኮኮናት ወተት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል።]

ቪሊሞኒ፦ ምግቡ ሌሊቱን ተሠርቷል። ለጋ ለጋውን፣ ዘንጉን አውጥቼ፣ እስኪልም አብስዬዋለሁ።

ሳኪዩሳ፦ ታዲያ... ይሄኛው?

ቪሊሞኒ፦ ይሄኛውማ የእርስዎ ነው። የሜሬሴኒ አባት መልእክት ልከውልኝ ነበር፦ «ልጁን ወድጄዋለሁ። ግን በወንድሙ ሠርግ አጎቱ ሲናገር ምሳችን ራት ሆነ። ያ ሰውዬ ዛሬም አፉን ከከፈተ ልጄን ይርሳት።»

ሳኪዩሳ፦ አንተ... ደ... ደነ...

ቪሊሞኒ፦ ምን ላድርግ? ሜሬሴኒን እወዳታለሁ፤ እርስዎንም እወድዎታለሁ። ሁለታችሁን አንድ ላይ ግን አልቻልኩም። ይቺን ሎሚ ይምጠጧት።

ሳኪዩሳ፦ ማን... ይናገር... ልሃል?

ቪሊሞኒ፦ ጎረቤታችን ቶማሲ። እሱ ሁለት ቃል ተናግሮ ይቀመጣል። ዝም አይነቅዝም፣ አጎቴ። ይልቅ ድስቱን ይሸከሙልኝ፤ የዓሣ ነባሪውን ጥርስ ቶማሲ ይዞታል።