በር የሚዘጋው ባለሙያ

እኛ አገር ሠራተኛ ሲመረጥ አስቀድሞ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው፣ አያቱ ደብር የተከሉ ከሆኑ ጣራችንን አምነን እንሰጠዋለን። ጣራው ሲያፈስ ጥፋቱ የዝናቡ ነው። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አትካዱ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት «ዋጋ አወዳድር፤ ከዚህ በፊት የሠራውንም ተመልከት» ይላሉ። ጸሐፊዎቹ እኅት የሌላቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

የእኔ እኅት፣ እትዬ አስካለ፣ ደጋው ግሼ ውስጥ፣ ራቤል ነው የሚኖሩት። ዕድሜዬን በጅቡቲ ሙቀት ጨርሼ ስመለስ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። ይዤ የመጣሁት ሀብት አንድ ኤርኮንዲሽነር ነበር፤ ያውም ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ቤት የሚያሞቀው ዓይነት። ጎረቤቱ «አንቺ ሴት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እትዬን ግን ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪሙም «የዘንድሮን ውርጭ ሞቅ ባለ ቤት ካላሳለፉት እሰጋለሁ» ብሏቸዋል። ማሽኑ ይህን የሰማ ይመስል ጥቅምት ላይ ተበላሽቶ ጸጥ አለ።

አዲስ ለመግዛት በጀት ያዝኩ። ማሽኑ፣ ማጓጓዣው፣ መግጠሚያው፣ መብራት ሲዋዥቅ የሚከላከለው ዕቃ።

«በጉስ?» አሉ እትዬ።

«የምን በግ?»

«ቤቴ የገባ ሠራተኛ በሽሮ ሊሸኝ ነው?»

በጉ በጀት ውስጥ ገባ። በግ ከገባ ጠላ ውጭ አይቀርም።

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ከአዲስ አበባ ነው። ግድግዳውን አየና የቀድሞውን እጥፍ የሚሆን ማሽን ግዙ አለን። ሁለተኛው ጌታነህ የሚባል ዘመዳችን ነው፤ እሱ ደግሞ ከእጥፍም የሚበልጥ ያስፈልጋል አለ፤ ይህን ያለው ግን ምሳውን ከበላ በኋላ ነው። ሦስተኛው፣ ደምሴ የሚባለው፣ ከዓለም ከተማ መጣ። ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። እትዬ ተነሥተው ከፈቱት። ግድግዳውን ለካና በሩን እንደገና ዘጋው። እትዬ እንደገና ከፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ በቀን በሩ የተዘጋ ቤት ወይ ሰው ሞቶበታል ወይ ምግብ ደብቋል። እትዬ ከተዳሩ ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ዘግተው አያውቁም። ለካ የቀድሞው ማሽን የሞተው የግሼን ምድር በሙሉ ለብቻው ሲያሞቅ ኖሮ ነው።

«እማማ፣» አለ ደምሴ፣ «ይኼ በር ካልተዘጋ እንኳን ማሽን ገሃነምም ቤትዎን አያሞቀውም። ከተዘጋ ግን የድሮው ልክ ይበቃል።»

እንደወጣ እትዬ ፈረዱ። «አሳዳጊ የበደለው። ሰው ቤት ገብቶ በር ይዘጋል? ጌታነህ ይሥራው።»

«ጌታነህ በር ይዘጋል?»

«ኧረ እሱ የጨዋ ልጅ ነው።»

«እንግዲያው ደምሴን ነው የማሠራው።»

አኮረፉኝ። ጌታነህም አኮረፈ፤ ይሁን እንጂ በጉን እንዲያርድ ስንጠራው መጣ፣ አረደ፣ እንዳኮረፈም በላ። ደምሴ በድሮው ልክ የገዛሁትን አዲስ ማሽን ገጥሞ ሄደ። በሩ ግን እንደተከፈተ ነው፤ የእትዬ ሳልም እንደዚያው።

በመጨረሻ መረረኝና «እትዬ፣ የመጣሁት አብሬዎ ልኖር እንጂ ልቀብርዎ አይደለም» አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቱን ሁሉ አስጠሩ። ሰዉ ገብቶ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ራሳቸው ተነሥተው በሩን ዘጉት።

«ሰው ውስጥ ካለ» አሉኝ፣ «በር ቢዘጋ የሚያማ የለም።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ሳሉ ለቀቃቸው። እኔም መጽሐፌን በሰላም አነባለሁ ብዬ ነበር፤ ግን መቀመጫ የት ተገኝቶ። ታኅሣሥ ላይ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ሰዉ በየሱፍ ባናው ተጠቅልሎ ሲያወራ፣ የደብሩ መሪጌታ ካባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ቤትዎ ቆላ ወርዷል እንዴ?»

አንዱ በሩን ሊከፍት ተነሣ። «ተቀመጥ» አሉት እትዬ፣ «እንግዶቼን ብርድ ልታስመታብኝ ነው?»

ምን ላድርግ? ማሞቂያውን አጠፋሁ፤ አልበቃም። ውጭ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። እኔ የማሽኑን የማቀዝቀዣ ቁልፍ ተጫንኩ። በግሼ ምድር ብርድ በገንዘቧ የገዛች ሴት ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም።

እትዬ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉና «ተመስገን፣ አሁን ነፈሰብን» አሉ።