አታካና ለእንሽላሊት

የማያውቀው ነገር ገና ያልገጠመው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሆሳዕና ላይ መምህርት ጵርስቅላ በተከራየችበት ግቢ ያሉት ክቡር አቶ ጠና ይባላሉ። ባጃጅ ሲበላሽ በድምፁ ብቻ በሽታውን ይናገራሉ። ሲሚንቶ የሚያቦካ ካዩ "ውኃ በዛ" ሳይሉ አያልፉም። ጎረቤታቸው ታዴዎስ ሲያገባ ቀለበት አጠላለቅ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። "ይሄ ለእኔ አዲስ አይደለም" ብለው ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም።

ጵርስቅላ የምታስተምረው ሒሳብ ነው፤ ስለ እንሽላሊት የምታውቀው ግድግዳ ላይ እንደሚሮጥ ብቻ ነው። የጓሮው እንሰት ሲነቀል ከሥሩ የተገኙትን እንቁላሎች አፈር በሞላ ካርቶን አስቀመጠቻቸው፤ ተፈለፈሉ። ከክብሪት እንጨት የማይረዝሙ እንሽላሊቶች ወጡ፣ ወደደቻቸውም። ጎመን ከተፈችላቸው፣ ዳቦ ፈረፈረችላቸው፤ ዞር ብለው አላዩም። ጎናቸው መሟሸሽ ሲጀምር እንባዋ መጣ።

ጋሽ ጠና ከበሩ ደፍ ሳያልፉ አንገታቸውን ብቻ አስግገው ተመለከቱ።

"ይሄ ለእኔ አዲስ አይደለም። አታካና ነው የሚፈልጉት።"

አታካና ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ፣ አራስ የሚጠገንበት ምግብ ነው።

"ጋሽ ጠና፣ አራሷ እኮ እናትየዋ ናት።"

"እናትየዋማ ጥላቸው ሄዳለች። የእሷን ድርሻ እነሱ ይብሉት።"

በማግስቱ ባለቤታቸውን አሠርተው፣ ቅቤ የጠገበ አታካና በስኒ ይዘው መጡ። ስኒውን ከደፉ ላይ አቀብለው እዚያው ቆሙ፤ የአማካሪ ቦታ በር ላይ ነው አሉ። እንሽላሊቶቹ አታካናውን ረገጡት። አንዱማ እስከ ሆዱ ሰጠመበትና ጵርስቅላ በጥጥ ጠረገችው። የቀመሰ ግን የለም። ይልቅ የቅቤው ሽታ የሰፈሩን ዝንብ ሁሉ ጠራ። አንዷ ስኒው ጠርዝ ላይ ስታርፍ ትንሹ እንሽላሊት ላፍ አደረጋት። ሌሎቹም ተከተሉት።

ከዚያ ወዲህ አታካናው በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ጋሽ ጠናም ሚኒባስ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ "እንሽላሊት በአታካና አሳደግሁ" ይሉ ጀመር። ከጃጁራ የመጣ ዶሮ አርቢ ሳይቀር ምክር ጠየቃቸው። ጵርስቅላ አንገፈገፋት። ቅዳሜ ጎረቤቱ ሊያይ ሲሰበሰብ የዝንቡን ነገር ልታፈርጠው ቆረጠች።

ቅዳሜ ጎረቤቱ በሩን ሞልቶ እያለ አንዱ እንሽላሊት ከካርቶኑ አምልጦ ጋሽ ጠና ሱሪ ላይ ወጣ። ጋሽ ጠና ደረቁ። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ላባቸው ተንቆረቆረ። ጵርስቅላ ያኔ ነው የገባት፦ ሰውየው እንሽላሊት ይፈራሉ። ስኒውን ይዘው የሚመላለሱት ልባቸው እየራደ ኖሯል። አሁንም ቢሆን እግራቸውን አላራገፉም።

"ቀስ ብለሽ አንሺው" አሉ በቀጭን ድምፅ። "ጅራቱ ቶሎ ይቆረጣል፤ እንዳትጎጂው።"

ስታነሳው ሆዱ ድቡልቡል ብሏል።

"ለመሆኑ ምን አብልተሽ ነው ያተረፍሻቸው?" አላት ታዴዎስ።

ጵርስቅላ ላባቸውን በመሐረብ የሚጠርጉትን ጋሽ ጠናን አየቻቸው። አንጀቷን በሉት።

"አታካና" አለች።