ከምንጣፉ ጀርባ ስለተገኘው ግድግዳ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር
ቦታ፦ ካራኮል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የእኛው ሳሎን
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20

የተገኙ አባላት፦
1. ወይዘሮ ሳይራካን፣ የቤቱ እመቤት፣ ሰብሳቢ
2. ቤጋይም፣ ልጃቸው፣ ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚመለከታት ድምፅ የተነፈገች
3. ኩባት፣ የጸሐፊው ታናሽ ወንድም፣ መሰላል ስላለው የተጋበዘ
4. ራይሳ ፔትሮቭና፣ ጎረቤት፣ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ሲቀቡና ወረቀት ሲለጥፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በባለሙያነት
5. ጁምጋልቤክ፣ የሰብሳቢዋ ባል፣ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ ጸሐፊ። መቀስ እንዳይነካ በመታገዱ ብዕር ተሰጥቶታል።

ሶፋው ተገፍቶ በሩን ስለዘጋው ማንም መውጣት አልቻለም። ስለዚህ ወረቀት ለመግዛት ሶፋው እስኪነሳ ድረስ ምልዓተ ጉባኤው አልጎደለም።

አጀንዳ አንድ፦ ግድግዳው ራቁቱን ስለመገኘቱ

ሰብሳቢዋ እንዳስረዱት ነገ እሑድ የቤጋይም እጮኛ ወላጆች ከቢሽኬክ መጥተው ለእጮኝነቱ ማሰሪያ በልጅቱ ጆሮ ላይ ጉትቻ ያደርጋሉ። የሰብሳቢዋ እናት የሸመኑት የግድግዳ ምንጣፍም በወጉ መሠረት ከልጅቱ ጋር ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት አቧራው እንዲራገፍ ከተሰቀለበት ሲወርድ ግን ከጀርባው እንደ ሌላው ግድግዳ የተለጠፈ ወረቀት አልተገኘም። ቁመቱ ሁለት፣ ወርዱ ሦስት ሜትር የሆነ ደረቅ ሲሚንቶ ተገኘ። ይባስ ብሎ ግድግዳው ከበሩ ትይዩ ያለው ነው፤ የክብር እንግዳ የሚቀመጠው እዚያው ሥር፣ ጀርባውን ለእሱ ሰጥቶ ነው።

ጸሐፊው ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጠየቀ። እንደሚከተለው አመነ፦ በ2002 ይህን ክፍል ወረቀት ያለበሰው እሱ ነው። ግድግዳውን በሚሊሜትር ለክቶ ሁሉንም ወረቀት በልኩ ቆረጠ። የአንዱ ወረቀት አበባ ከጎኑ ካለው አበባ ጋር እንዲገጥም ከላይም ከታችም ትርፍ መተው እንዳለበት አላወቀም። ሁለት ጥቅል ተበላሸ፤ የጎደለውን ምንጣፉ ሸፈነለት። ያን ዕለት ሰብሳቢዋ «እጅህ ይባረክ» ብለውት እንደነበርና እሱም «አሜን» ብሎ እንደተቀበለ ሳይደብቅ ተናግሯል።

ሰብሳቢዋ «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ! አንተ ሰውዬ፣ ከእኔ ጋር ነው የኖርከው ወይስ ከሲሚንቶህ ጋር?» ሲሉ ጠየቁ። ኩባትም አስተያየት እንዲሰጥ ሳይጠየቅ «ወንድም ጋሼ ለተማሪዎቹ ዓለምን ሲያዞር አንድ አገር አይጠፋበትም ነበር። የራሱ ሳሎን ላይ ሲደርስ ነው መሬት የጎደለበት» አለ። ጸሐፊው ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠየቀ። ሰብሳቢዋ በደማቁ እንዲጻፍ አዘዙ።

አጀንዳ ሁለት፦ መፍትሔ ስለመፈለግ

የቀድሞው ወረቀት ከገበያ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ኩባት ቁም ሣጥን ይገተርበት አለ፤ የክብር እንግዳን ቁም ሣጥን ማስደገፍ ነውር በመሆኑ ውድቅ ሆነ። ጸሐፊው ከትምህርት ቤት የእስያን ካርታ ተውሶ መስቀልን አቀረበ። ሐሳቡ በአንድ ድጋፍ ወደቀ፤ ደጋፊው ጸሐፊው ነበር።

ቤጋይም ድምፅ እንደሌላት ተነግሯት ሳለ ተናገረች፦ «ጉትቻውን የሚያደርጉት ለእኔ ነው ለግድግዳው? እንዳለ ይሁን እማዬ!»

ሰብሳቢዋ መለሱ፦ «ሰዎቹ ባለ ትልቅ ቢሮ ናቸው። ነገ በሆነ ባልሆነው 'ግድግዳዋን እንኳ ካላለበሰች እናት የመጣሽ' እያሉ አንገትሽን ሲያስደፉሽ ማየት አልፈልግም። እኔ አጠገብሽ አልኖርም እኮ ልጄ።»

ከዚያም ከሰፊ ውይይት በኋላ ቀለሙ የሚቀራረብ ሦስት ጥቅል ተገዝቶ ዛሬውኑ እንዲለጠፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ የሥራው አፈጻጸምና ውጤቱ

ራይሳ ፔትሮቭና አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ፦ ወረቀቱ እስኪደርቅ፣ ማለትም እስከ ነገ ጠዋት ድረስ አንድም መስኮት አይከፈትም፤ ነፋስ ከነካው ሁሉም ይላቀቃል። አባላቱ በየተራ «ገባኝ» አሉ። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አለ።

ባለሙያዋ ቆረጡ፣ ኩባት መሰላል ላይ ወጣ፣ ቤጋይም ሙጫ ቀባች። ጸሐፊው ወረቀቱ ቀጥ ብሎ መውረዱን የሚያሳየውን የቱምቢ ገመድ እንዲይዝ ተፈቀደለት። በ7 ሰዓት ግድግዳው አለቀ። ሰብሳቢዋ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው ቆመው አዩት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ይሁን እንጂ ማድ ቤት ውስጥ ለነገ የበግ ሥጋ ይቀቀላል፣ ቦርሶክ የሚባለው የነገው የሊጥ ጥብስም በዘይት ይጠበሳል፤ ቤቱ የእንፋሎት መታጠቢያ ሆነ። በ7፡40 ላይ አንድ ስሙ ለጊዜው እንዲቆይ የጠየቀ አባል «ለአንድ ትንፋሽ ብቻ» ብሎ መስኮት ከፈተ።

የመጀመሪያው ወረቀት ከላይ ተላቅቆ ኩባትን ራሱ ላይ ሸፈነው። ሌሎቹም ተከተሉት። ራይሳ ፔትሮቭና «ጁምጋልቤክ፣ እርስዎን የሚያክል የተማረ ሰው!» በማለታቸው የአባሉ ስም ሊቆይ አልቻለም።

ሰብሳቢዋ አልተቆጡም። ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ይህ ከቁጣው ይልቅ ጸሐፊውን ጎዳው። ምንጣፉ ወደ ቦታው ይመለስ፣ ለቤጋይም ከገበያ ሌላ ይገዛላት የሚል ሐሳብ ቀርቦ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

ጸሐፊው ሁለት እጁን አውጥቶ ነው የደገፈው። ምክንያቱን እዚህ ይመዘግባል፦ ምንጣፉ ከዚህ ቤት ከወጣ ልጁም መውጣቷ እውነት ይሆንበታል። ሊወስዷት የሚመጡትን ሰዎችም አያውቃቸውም። የእጮኛዋን አባት ኤሴንቤክን አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቶታል፤ ክራቫቱ የጠበቀ፣ በጸሐፊው ቀልድ ፊቱ ያልተፈታ ሰው ነው። ጸሐፊው ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን ለማን ነው የምሰጠው እያለ እንቅልፍ አጥቷል።

አጀንዳ አራት፦ ሳይታሰብ የመጣ ጉዳይ

በ9፡10 ስልክ ተደወለ። የሰብሳቢዋ እጅ ሊጥ ስለነበር ቤጋይም ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው። የደወሉት የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ ቱርሱናይ ነበሩ። ንግግሩ ቃል በቃል ይህ ነው፦

«ሳይራካን፣ እንዴት ዋላችሁ? ይቅርታ፣ የምንጣፉ ልክ ስንት በስንት ነው?»

«በ... በሰላም ነው?»

«የሙሽሮቹን ክፍል ወረቀት እያለበስን ነበር። ኤሴንቤክ ባለሙያ አያስፈልግም ብሎ ራሱ ገባበት። አሁን አንዱን ግድግዳ ባዶውን ትቶ 'ሆን ብዬ ነው፣ የምንጣፉ ቦታ ነው' ይለኛል። ቆራርጦ ጨርሶት ነው እንጂ ምን ቦታ አለው! ምንጣፉ ካልሸፈነልን ጉዳችን ነው እህቴ።»

ከወዲያ ማዶ የወንድ ድምፅ «ኧረ ምን አድርጌሽ ነው? ለምን ትነግሪያቸዋለሽ!» ሲል በግልጽ ተሰማ።

ሰብሳቢዋ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ሊጣቸውን ፊታቸው ላይ እስኪለቀልቁት ድረስ ሳቁ። «አይዞሽ እህቴ፣ ነገ ስትመጪ አንድ ነገር አሳይሻለሁ» አሉ። ቤጋይም «አሁንስ ድምፅ አለኝ?» ብላ ጠየቀች፤ በአንድ ቃል ተፈቀደላት። «ምንጣፉ ከእኔ ጋር ይሂድ፤ ግድግዳችንም እንዳለ ይሁን» አለች።

ጸሐፊው ስልኩን ተቀብሎ ልኩን ነገራቸው፦ «ሁለት በሦስት።»

የመጨረሻ ውሳኔ

ዛሬ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሌላ ወረቀት አይገዛም፣ የተላቀቀው ተመልሶ አይለጠፍም፣ ምንጣፉም እዚህ አይሰቀልም። ነገ አቶ ኤሴንቤክ በክብር ቦታው፣ ጀርባቸውን ለሲሚንቶው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ጸሐፊው ከጎናቸው ይቀመጣል።

ስብሰባው በ9፡45 ተበተነ። ጸሐፊው ልጁን ለማን እንደሚሰጥ አውቋል።